ሥጋን ስለ መተው፦ በቅበላ ማታ ለአድማጮች የቀረበ ንግግር



ዛሬ የቅበላ ማታ እንደ መሆኑ፣ ይህ ድምፅ በአየር ሞገድ ወደየቤታችሁ በሚደርስበት ሰዓት፣ በሰቆጣ ከተማም ሆነ በዙሪያዋ፣ በድሃና ደጋም ሆነ በአበርገሌ ቆላ፣ ከታረደው ፍየል የተረፈው ሥጋ እንዳያድር ጎረቤት ተጠርቶ እየተበላ፣ ጠላው እየተንቆረቆረ፣ የቤቲቱም እመቤት ነገ የምታጥባቸውን ድስቶች በልቧ እየቈጠረች እንደ ሆነ አውቃለሁ። ነገ ሰኞ ማለዳ ያ ሁሉ ድስት በአመድና በፈላ ውሃ ይፈተጋል፤ የቅቤው ቅል ከጓዳው ጥግ ከፍ ብሎ ይሰቀላል፤ ተልባውና ኑጉ ከጎታው ይወጣል፤ ጾመ ሕርቃል ከሚባለው ከመጀመሪያው ሳምንት አንሥቶ እስከ ትንሣኤ ሌሊት ድረስ ባሉት 55 ቀናትም ሥጋና ወተት፣ ቅቤና እንቍላል፣ ሊቃውንቱ በአንድ ቃል ጥሉላት የሚሏቸው ሁሉ፣ ከዚህ አገር ገበታ ይርቃሉ።

ጢሱ ከቤት ሳይወጣ፣ ቢላዋውም ወደ ሰገባው ሳይመለስ ስለ ሥጋ መተው ልናገር መነሣቴ ጊዜውን ያልለየ ንግግር የሚመስለው አድማጭ ቢኖር አልፈርድበትም፤ ነገር ግን የጠገበ ሰው ስለ ጾም የሚነገረውን በትዕግሥት ይሰማል፣ የራበውን ግን ሆዱ ይቀድመዋልና፣ ከዚህ የተሻለ ማታ አላገኘሁም። የንግግሬ ፍሬ ነገር ሰው ሥጋን በፈቃዱ የሚተወው ስለ ምን ምክንያት ነው የሚል ሲሆን፣ «በፈቃዱ» የምትለዋን ቃል አድማጮቼ እንዲይዙልኝ ከወዲሁ እለምናለሁ፤ እንመለስባታለንና።

እ.ኤ.አ. በ1847 በእንግሊዝ አገር ራምስጌት በምትባል የባሕር ዳር ከተማ ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው ሥጋ ያለ መብላት ማኅበር አቆሙና ማኅበራቸውን የቬጀቴሪያን ማኅበር ብለው ሰየሙት። ከዚያ በፊት በአውሮፓ እንዲህ ያለው አመጋገብ የሚጠራው በጥንቱ የግሪክ ፈላስፋ በፒታጎራስ ስም ነበር፤ ስለዚህም ፈላስፋ የሚተረከው ሥጋን ብቻ ሳይሆን ባቄላንም ለደቀ መዛሙርቱ የከለከለ መሆኑ ነው። እንዲህ ያለው መምህር በሽሮና በክክ አገር በዋግ ተወልዶ ቢሆን ኖሮ በጾም ወራት ምን በልቶ ይፈላሰፍ እንደ ነበር እግዜር ይወቅ። አባቶቻችን ግን ስም ሳያወጡለትና ማኅበር ሳያቆሙለት ግብሩን ይዘውት ኖረዋል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን ስለ አገራችን ከጻፈው ሁሉ ይልቅ የጥሬ ሥጋው ወሬ ስለ ገነነ፣ የአውሮፓ ሰው ሀበሻን ሁልጊዜ ቁርጥ በእጁ እንደ ያዘ አድርጎ ሲስለው ኖሯል፤ ከእርሱ 250 ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1520፣ ወደ ኢትዮጵያ የገባው የፖርቱጋሉ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ግን፣ ጎረቤታችንን ላሊበላን አይቶ ስለ ውቅር አብያተ ክርስቲያናቷ እንደ ጻፈ ሁሉ፣ ስለ ሕዝቡ ጾም ጽናትም ጽፏል። ሁለቱም ያዩትን ጻፉ፤ የተነበበላቸው ግን እኩል አይደለም።

የጾማችንን ስፋት ለመረዳት ቀኖቹን መቍጠር ይበቃል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ የነነዌ 3፤ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ግማሽ ወር፤ ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 እስከ ልደት ዋዜማ፤ ጾመ ሐዋርያት ከጰራቅሊጦስ ማግስት ጀምሮ እንደ ፋሲካው መውጣትና መውረድ ይረዝማል ያጥራል፤ በዚህ ላይ ገሃድና፣ ከበዓለ ኀምሳ በቀር፣ ዓመቱን ሙሉ ረቡዕና ዓርብ ይጨመራሉ። ሲደመር ለምእመናን 180 ያህል ቀን ይሆናል፤ ሁሉንም አጽዋማት ለሚጠብቁ ካህናትና መነኮሳት እስከ 250 ይደርሳል። ስለዚህ በሥርዓቱ የሚኖር የዋግ ገበሬ፣ በራምስጌት ከተሰበሰቡት ሰዎች ስንኳ ባይማር፣ የዓመቱን እኩሌታ ያለ ሥጋ፣ ያውም ያለ ወተትና ያለ እንቍላል፣ ያሳልፋል።

አሁን ወደዚያች ቃል ልመለስ። ከዓመታት በፊት በገበያ ቀን በሰቆጣ ገበያ ስዘዋወር፣ ሽምብራ በቁና ሰፍረው የሚሸጡ አንዲት አሮጊት ዘንድ ቆሜ፣ ወሬ ለማስጀመር ያህል፣ «እማማ፣ ከጾሙ ውጭ ባለው ጊዜ በቤትዎ ሥጋ በዓመት ስንት ጊዜ ይሠራል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ቀና ብለው ካዩኝ በኋላ፣ «ልጄ፣ እኔን ከሥጋ ያጾመኝ ቄሱ አይደለም፤ መቀነቴ ነው» አሉኝና ቁናቸውን መስፈር ቀጠሉ። ሴት ልጅ ገንዘቧን የምትቋጥረው በመቀነቷ ጫፍ መሆኑን ለከተማ አድማጮቼ ማስረዳት ያስፈልግ ይሆናል። እኚህ እናት በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ጾሞችን ለዩልኝ፤ አንዱ የቄሱ ጾም ነው፣ ሰው እያለው የሚተወው፤ ሁለተኛው የመቀነት ጾም ነው፣ ሰው ስለ ሌለው የሚቀርበት። ከዚህ በኋላ የምናገረው ምስጋና ሁሉ ለመጀመሪያው እንጂ ለሁለተኛው አይደለም፤ ሁለቱን ቀላቅሎ ድኽነትን እንደ ምግባር የሚያመሰግን ሰው፣ የተራበውን «እንዴት ያለህ ጾመኛ ነህ» ብሎ እንደሚያልፍ ሰው ነውና።

በፈቃድ ከሥጋ የመራቅ የመጀመሪያው ምክንያት በአገራችን መንፈሳዊ ነው። በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈው፣ ለአዳም በመጀመሪያ የተሰጠው ምግብ ዘር የሚያፈራው ቡቃያና ፍሬ የሚሰጠው ዛፍ ሲሆን፣ ሥጋ የተፈቀደው ከጥፋት ውሃ በኋላ ለኖኅ ነው፤ ስለዚህ ጾመኛ ጥሉላትን ሲተው የሚቀርበው ወደ አዳም የመጀመሪያ ማዕድ ነው ብለው አበው ያመሠጥሩታል። ነቢዩ ዳንኤልና ሠለስቱ ደቂቅም በናቡከደነፆር ቤተ መንግሥት የንጉሡን ሥጋና ወይን ትተው ጥራጥሬ በውሃ ሲበሉ ከሰነበቱ በኋላ፣ ከቀለበኞቹ ሁሉ ይልቅ ፊታቸው ያማረ ሆኖ መገኘቱ በየዓመቱ የሚሰበክ ታሪክ ነው። ከተከዜ ማዶ፣ በዋልድባ ገዳም፣ ከአባ ሳሙኤል ዘመን ጀምሮ በሚነገረው ትውፊት መነኮሳቱ ሥጋን ብቻ ሳይሆን እህልንም ትተው፣ ቋርፍ በሚባለው ምግብ ብቻ የሚኖሩ መሆናቸው ደግሞ የትሕርምት ጫፍ ነው፤ ለኛ ለዓለማውያኑ የተነገረ አይደለምና አልፈዋለሁ።

ነገር ግን አንድ ነገር መሳት የለበትም። ቤተ ክርስቲያን ሥጋን ርኩስ ነው ብላ አልከለከለችም። እንዲያውም በ4ኛው መቶ ዘመን በጋንግራ የተሰበሰቡት አባቶች፣ ሥጋ በሃይማኖት የሚበላውን ሰው ተስፋ እንደሌለው አድርጎ የሚኰንን ቢኖር ውጉዝ ይሁን ብለው ወስነዋል። የማኒ ተከታዮች ሥጋን የክፉው አምላክ ሥራ ነው ይሉ ነበርና፣ ጾም ወደዚያ ስሕተት እንዳያዘነብል ነው። መልካም የሆነው ነገር፣ መልካምነቱ እየታወቀ፣ ስለ ተሻለ ነገር ይተዋል፤ የፋሲካ ዕለት ደግሞ ያው ሥጋ ተባርኮ ይበላል። በዚህ ምክንያት በጾም የቆየ ሰው በፍስክ የሚበላውን ባልንጀራውን መናቅ አይችልም፤ ዛሬ በከተሞቻችን፣ ሥጋ ያለ መብላትን አዲስ ጥበብ አድርገው በገበታ ላይ ሌላውን የሚያሳፍሩበት አንዳንድ ወጣቶች ይህን ቢያስቡት ደግ ነበር።

የሩሲያው ደራሲ ሌዎ ቶልስቶይ በቱላ ከተማ የሚገኘውን ማረጃ ቤት በዐይኑ ካየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1892 በታተመው «የመጀመሪያው ርምጃ» በተባለው ድርሰቱ ያቀረበው ክርክር ለኦርቶዶክሳዊ ጆሮ እንግዳ አይደለም። በጎ ሕይወትን የሚሻ ሰው መጀመር ያለበት ከተአቅቦ ነው፣ ተአቅቦም የሚጀምረው ከሆድ ነው፣ ከሆድም ፈተና ሥጋን መተው ቀዳሚው ነው ይላል፤ እርሱ ራሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ጋር ቢጣላም፣ ይህን የተማረው ከእናቶቹ ጾም ይመስለኛል። የሕንዱ ማኅተማ ጋንዲም በበኩሉ ለሥጋ መተው መሠረቱ ጤንነት ሳይሆን ርኅራኄ መሆን አለበት ብሎ ያስተምር ነበር። ርኅራኄን በተመለከተ እኔ የምጨምረው ብዙ የለኝም፤ ዐሥር ዓመት ያረሰለትን በሬ በስሙ እየጠራ የሚያበላ ገበሬ፣ ያ በሬ አርጅቶ ለሉካንዳ ሲሸጥ ፊቱን እንደሚያዞር ያላየ ሰው ከኛ መካከል ያለ አይመስለኝምና።

ወደ ሥጋዊ ጤንነት እንለፍ። በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ባወጣው ውሳኔ፣ በጢስ፣ በጨውና በመጠበቂያ ቅመም ተሰናድቶ የሚሸጠውን የፋብሪካ ሥጋ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ አስገብቶታል፤ ቀይ ሥጋንም በአብዛኛው ከሚጠረጠሩት መካከል አኑሮታል። ይህ ማስጠንቀቂያ የተነገረው ሥጋን በየቀኑ ለሚያዘወትር ሰው እንጂ፣ ለመስቀልና ለፋሲካ አንድ ፍየል ከጎረቤት ጋር ለሚቃረጥ የፃግብጂ ገበሬ አይደለም፤ ስለዚህ የዛሬ ማታ ቅበላችሁን በፍርሃት አትብሉት። ለኛ ይበልጥ የሚቀርበው አደጋ የጥሬ ሥጋው ኮሶ ነው። የኮሶ ትል በከብት ሥጋ ውስጥ ተሸሽጎ፣ ሥጋው ሳይበስል ሲበላ በሰው አንጀት ያድጋል፤ ቀድሞ አባቶቻችን የኮሶ ዛፍ አበባ ዘፍዝፈው እየጠጡ በየጊዜው ያስወጡት ነበር፣ ዛሬ ከጤና ጣቢያው የሚሰጠው ኪኒን ያለ ያ ሁሉ ምሬት ይሠራል። ሥጋውን ማብሰል ግን ከሁለቱም ይቀላል።

ከሥጋ የራቀ ሰው ኀይሉን ከየት ያገኛል ለሚለው ጥያቄ፣ እናቶቻችን መልሱን ምክንያቱ ሳይነገራቸው በገበታ ላይ ሲያቀርቡት ኖረዋል። ሰውነታችን ሥጋና ጡንቻን የሚሠራበት ፕሮቲን የሚባለው ነገር ብዙ ጥቃቅን አካላት ያሉት ሲሆን፣ ጤፍ፣ ማሽላና ገብስ ከእነዚህ መካከል ላይሲን የሚባለው ያንሳቸዋል፤ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ደግሞ ላይሲን ሞልቷቸው ሜታዮኒን የሚባለው ያንሳቸዋል። የአንዱ ጎደሎ በሌላው ይሞላል። እንጀራ በሽሮ፣ የገብስ ቆሎ ከሽምብራ ጋር ተቀላቅሎ፣ የስንዴና የባቄላ ንፍሮ፣ እነዚህ ሁሉ የድኻ ምግብ ተብለው ቢናቁም በዚህ ረገድ ምሉዕ ማዕድ ናቸው፤ 100 ግራም ደረቅ ምስር ብቻውን 25 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ሊጡ በእርሾ ሁለትና ሦስት ቀን መቡካቱም ጣዕም ለመስጠት ብቻ አይደለም፤ በእህሉ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ነገር ያላላዋል። ይህን ሁሉ ድካም አንድ ስኒ ቡና ሊያፈርሰው መቻሉ ግን ያሳዝናል፤ ከምግብ ጋር የሚጠጣ ቡናና ሻይ በእህል ውስጥ ያለውን ብረት ሰውነት እንዳይቀበለው ያግዳልና፣ በተለይ ነፍሰ ጡሮችና ደማቸው ያነሰ ሰዎች ከበሉ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢቆዩ፣ በወጡም ላይ ሎሚ ወይም ቲማቲም ጨመር ቢያደርጉ ይጠቀማሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ አይቅር፤ ይዘግይ ብቻ ነው የምለው።

አንድ ነገር ብቻ ከዕፅዋት አይገኝም። ቪታሚን ቢ 12 የሚባለው፣ ለደምና ለነርቭ የሚያስፈልገው ንጥረ ነገር፣ በሥጋ፣ በወተት፣ በእንቍላልና በዓሣ ውስጥ እንጂ በእህልና በቅጠል ውስጥ የለም። ጤነኛ ጎልማሳ በጉበቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚበቃ ስንቅ አለውና፣ በ55 ቀን ጾም አይጎዳም፤ ፋሲካ ሲመጣ ስንቁ ይሞላል። ዕድሜውን ሙሉ ጥሉላትን ለመተው የቈረጠ ሰው ግን ኪኒኑን ከሐኪም መጠየቅ አለበት። ከዚህ ላይ የተከዜ ዓሣ ነገር ይነሣል፤ በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው የተከዜ ግድብ ውሃው ተኝቶ ሐይቅ ከሆነ ወዲህ፣ በአበርገሌና በዝቋላ በኩል ቆሮሶና አምባዛ የሚያጠምዱ ወጣቶች ተነሥተዋል፣ ዓሣውም በሰቆጣ ይሸጣል። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተወዋለሁ፤ በፍስኩ ወራት ግን ቆላው ያመጣልን መልካም ምግብ ነው።

ከዕፅዋትም ሁሉ ምርጫ ያስፈልጋል፤ ይህን የምለው ስለ ጓያ ነው። ጓያ ዝናብ ሲያጥር ሌላው ሰብል በማይበቅልበት መሬት የሚበቅል፣ በድርቅ ጊዜ የድኻ አለኝታ የሆነ ጥራጥሬ ነው፤ ብቻውን ለወራት ሲዘወተር ግን በውስጡ ያለው መርዝ የእግርን ነርቭ ያሰናክላል፣ የተጎዳውም ሰው በምርኩዝ ይቀራል፣ ያ ጉዳት አይድንም። በ1980ዎቹ መጨረሻ በኛው በወሎ ምድር፣ በደላንታ ዳውንት፣ ድርቅ ሰብሉን ሁሉ አጥፍቶ ጓያውን ብቻ ስላስተረፈ፣ ብዙ ሰው፣ ይልቁንም ልጆችና ወጣቶች፣ በዚህ በሽታ ተሰብረዋል። ጓያ ለመብላት የተገደደ ሰው፣ በብዙ ውሃ ዘፍዝፎ ውሃውን ደጋግሞ ይድፋው፤ ከስንዴ፣ ከገብስ ወይም ከማሽላ ጋር ይቀላቅለው፤ ብቻውን በቂጣም በንፍሮም አያዘውትረው። እዚህ ላይ የመቀነት ጾም ከቄሱ ጾም የሚለይበትን ድንበር በዐይን ማየት ይቻላል፤ ምርጫ ያለው ሰው በጓያ አይሰበርም።

ስለ መሬቱ ደግሞ ጥቂት ልበል። የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፣ የሰው ልጅ ወደ አየር ከሚለቀው ሙቀት አማቂ ጋዝ 14.5 ከመቶው ከከብት ርባታ እንደሚመጣ አስልቷል፤ ሥጋን ስለ መተው በአውሮፓና በአሜሪካ ከሚነገሩት ምክንያቶችም ዛሬ ጐልቶ የሚሰማው ይህ ነው። በዚያ አገር ለሰው ሊበቃ የሚችል በቆሎና አኩሪ አተር ለከብት ተሰጥቶ ሥጋ ስለሚሠራ ክርክሩ ብርቱ ነው። ይህንኑ ክርክር እንዳለ አንሥቶ አበርገሌ ላይ ማውረድ ግን አይቻልም። በዚያ ቆላ መሬቱ ድንጋይ፣ ዝናቡም ቆጣቢ ሆኖ እህል በሚያንስበት ስፍራ፣ በስሙ የሚታወቀው የአበርገሌ ፍየል ሰው ሊበላው የማይችለውን የግራር ቅጠልና እሾህ በልቶ ወተትና ሥጋ ይመልሳል፤ ፍየሉን ከቆላው ሰው ወስዶ ምስር ብላ ማለት ምስሩ የሚበቅልበትን መሬት አብሮ መስጠትን ይጠይቃል፣ ያንን ደግሞ የሚሰጥ የለም። የደጋው ነገር ሌላ ነው። በደጋ በሬ የሚፈለገው ለሞፈርና ለቀንበር እንጂ ለሥጋ አይደለም፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በዘለቀው በክፉው ቀን፣ ከባሕር ማዶ የገባው የከብት ደዌ በሬውን ሁሉ በፈጀው ጊዜ ሰው የተራበው ሥጋ አጥቶ ሳይሆን የሚያርስበት አጥቶ ነበር። ተዳፋቱ ላይ ከመጠን በላይ የሚለቀቅ ከብት አፈሩን ለተከዜ እንደሚያስረክበውም፣ ሐምሌ ላይ ወንዙን ቀልቶ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ በደጋው እንግዲህ ከብትን ቀንሶ ባቄላና ምስር ማብዛት የሚደገፍ ሐሳብ ነው፤ የጥራጥሬ ሥር ናይትሮጅን ለአፈሩ ይመልሳልና፣ ከርሱ በኋላ የሚዘራው ስንዴ ያምርለታል።

ከሁሉ ይልቅ ላተኵርበት የፈለግሁት ግን ቀጥሎ ያለው ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2030፣ ለማጥፋት ያሰበበትን ሰነድ ሲያውጅ ስሙን የሰቆጣ ቃል ኪዳን አለው፤ ይህም በ1977ቱ ረኀብ ከሁሉ በላይ ከተጎዱት ስፍራዎች አንዷ ይህች አገራችን ስለ ነበረች ነው። መቀንጨር ማለት ሕፃኑ በተፀነሰበትና በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ውስጥ ተገቢውን ምግብ ባለማግኘቱ ቁመቱ ብቻ ሳይሆን የአእምሮው እድገትም ወደ ኋላ ሲቀር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 38 ከመቶው፣ በአማራ ክልል ደግሞ 46 ከመቶው ቀንጭረው ተገኝተዋል፤ ከሁለት ልጅ አንዱ ለማለት ምን ቀረው?

ለዚህ ምክንያቱ ጾም ነው የሚል ካለ አልስማማም፤ ዋናው ምክንያት መቀነት ነው፣ ከርሱም ጋር ንጹሕ ውሃ ማጣትና በሽታ አለ። ነገር ግን የሕፃን ሆድ ትንሽ ናትና፣ በሽሮና በእንጀራ ብቻ የሚያስፈልገውን ሁሉ ለማግኘት የሚበቃውን ያህል መያዝ አትችልም፤ ከስድስት ወሩ በኋላ ከእናቱ ጡት ጋር እንቍላልም፣ ወተትም፣ ሲገኝም የላመ ሥጋ ያስፈልገዋል። ልጅ እስከ 7 ዓመቱ፣ ለቍርባን ከሚቆይባት ሰዓት በቀር፣ ጾም እንደማይያዝ በትምህርትም በልማድም የታወቀ ነው፤ የታመመ ሰው ከሥርዓቱ እንደሚፈታም በፍትሐ ነገሥቱ 15ኛ አንቀጽ ሥር ተደንግጓል፤ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናትም የንስሐ አባቷን ጠይቃ በምክር የምትሄድበት መንገድ አላት። ሕጉ እንግዲህ ሕፃኑን አልከለከለውም።

የከለከለው ድስቱ ነው። ይህን የምለው ብዙ ጓዳ አይቼ ነው። እናት ለልጇ እንቍላል ብትቀቅልበት፣ ወተት ብታፈላበት፣ ያ ድስት የፍስክ ድስት ይሆንባታል፤ የሸክላ ድስት ደግሞ ቅባቱን እንደ መሬት ስለሚጠጣ፣ በአመድ ቢፈተግ በውሃ ቢፈላ ሽታው አይለቅም፣ ነገ ለባሏና ለራሷ የጾም ወጥ ልትሠራበት ኅሊናዋ አይፈቅድላትም። ስለዚህ ልጁን እየወደደችው፣ ማንም ሳያዛት፣ ዶሮዋ የጣለችውን እንቍላል ገበያ ትወስደዋለች። በጾም ወራት እንቍላል የሚገዛ ስለሚያንስ ዋጋው ይወርዳል፤ በቤት ቢቀር ለልጁ ትልቅ ነገር የነበረው ለእርሷ በጥቂት ብር ይሄዳል። ዐዋቂው ሁሉ ጥሉላትን ባቆመበት በዚህ ወራት ላሚቱ የታለበችው፣ ፍየሊቱ የሰጠችው፣ ዶሮዪቱም የጣለችው ለሕፃኑ በተረፈ ነበር፤ ለሕፃን ከዓመቱ ሁሉ የሚሻለው ወራት ዐቢይ ጾም በሆነ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። የአባትዬው የፈቃድ ጾምም በልጁ አፍ በገባች እንቍላል ፍሬው በታየ ነበር።

መድኃኒቱ ከገበያ የሚገኝ ትንሽ ድስት ነው። በሰቆጣ ገበያ ሸክላ ሠሪዎቹ ከትልልቁ ጐን የሚያሰልፏትን፣ አንድ እንቍላልና አንድ ስኒ ወተት የምትይዘውን፣ አንዲት ማንኪያ ጨምራችሁ ግዟት፤ ከጾሙ ዕቃ ራቅ ባለ ስፍራ፣ ከምድጃው ማዶ፣ በራሷ ማቶት ላይ ትቀመጥ፤ ማጠቢያ ውሃዋም ለብቻዋ ይሁን። ያን ጊዜ የጾሙ ድስት በጾሙ፣ የልጁም ድስት በልጁ ይቆያል፤ የጎረቤት ዐይንም ቢሆን ጥቂት ቀን አይቶ ይለምዳል፤ ካልለመደም ቄሱን ጠይቂ በሏት።

ነገ ማለዳ እንግዲህ አመዱን ይዛችሁ ድስቶቹን በምትፈትጉበት ጊዜ ትንሿን ለይታችሁ ወደ ማዶ አኑሯት። በሚመጣው ሳምንት በዚሁ ሰዓት፣ ስለ ስልጆና ስለ ተልባ አሠራር ከአንዲት ባለሞያ ጋር እንነጋገራለን። ደኅና እደሩ።